ከምስማሩ ላይ የጠፋው ቁልፍ

«ማዶ ለማዶ ነን፣ እንጣራለን በጉም፣
እህ… እህህ… እህህ… ድምፅህን አላምንም።»

የሁለተኛው ስንኝ መነሻ ጠፍቶባታል። ልጅ ሳለች በትውልድ አገሯ በራቤል ገብስ አጫጆች ሲቀባበሉት ሰምታው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ መሐሉ እንደ አሮጌ ነጠላ ሳስቶ ሳስቶ ተቀደደ። እፀገነት ተገኘ የጎደለውን በእህህታ እየሞላች ታንጎራጉረዋለች፤ በተለይ ጠዋት ጠዋት፣ ኮምፒውተሯ ነቅቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ።

ያን ዓርብም ስታንጎራጉር፣ ዓይኗን ከመስኮቱ ውጭ በመሐል ሜዳ ከተማ ጉም ላይ ጥላ፣ እጇን እንደ ልማዷ ወደ ምስማሩ ሰደደች። ጣቶቿ ባዶ ምስማር ጨበጡ። ዘፈኑን አቋረጠች።

ከጠረጴዛው ሥር አየች። መጋረጃውን አራገፈች። ፍራሹን ገለበጠች። ቁልፉ የለም።

ቁልፍ ስል የበር ወይም የሣጥን አይደለም። የአውራ ጣት ቁመት ያላት ጥቁር ነገር ናት፤ ከኮምፒውተሩ ጎን ትሰካለች፣ በጣት ሲነኳት አረንጓዴ ብርሃን ብልጭ ታደርጋለች። እፀገነት ከእናቷ ጋር መኖር የቻለችው በዚያች ብልጭታ ነው።

አባቷ አቶ ተገኘ ገብስ አርሰው፣ በግ አርብተው አስተማሯት። ከራቤል መሐል ሜዳ፣ ከመሐል ሜዳ አዲስ አበባ ደረሰች። እዚያም አንድ የጤና መድን ድርጅት ቀጠራት፤ ሥራዋ ከየክሊኒኩ የሚመጣውን የሕሙማን መረጃ ማጣራት ነው። ማን ምን ታመመ፣ ምን ታዘዘለት፣ እውነት ነው ወይስ የተፈጠረ። የሰው ገመና ሁሉ በዓይኗ ሥር ያልፋል፤ ከአፏ ግን አይወጣም። አባቷ ሲያርፉ እናቷ ቆብ ጫኑ፣ ወለተ ኢየሱስ ተባሉ፣ መሐል ሜዳ ከቤተ ክርስቲያን ግርጌ ቤት ተከራዩ። ወዲያው ዓይናቸውን ሞራ ጀመረው። የገደል አፋፍ ባለበት አገር፣ ብቻቸውን፣ በእንጨት እየዳበሱ! እፀገነት ይህን ስታስብ አዲስ አበባ አልጋዋ ላይ እንቅልፍ እምቢ ይላታል።

«ከእናቴ ቤት ሆኜ ልሥራ» ብላ ለመነች። ድርጅቱ ፈቀደ፣ ግን ቅድመ ሁኔታው ብዙ ነበር። ኮምፒውተሩ የድርጅቱ እንጂ የተዋሰችው አይሁን። ዊንዶውሱ ያላረጀ፣ አፕዴቱ ያልተጓደለ ይሁን፤ አንቲቫይረሱ አያንቀላፋ። ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ እንኳ ውስጡ የማይነበብ ሆኖ ይቆለፍ። የኢንተርኔቱ መሥመር የራሷ ይሁን፣ የጎረቤት ዋይፋይ ነውር ነው። መብራት ሲሄድ የሚደርስ ባትሪ ይኑር። ክፍሉ በር ይኑረው፣ ከጀርባዋ ሰው አይቁም። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ቪፒኤኑ፤ ከመሐል ሜዳ እስከ አዲስ አበባ በአደባባይ መሐል የሚያልፍ፣ ግን ማንም የማያየው የተሸፈነ ቦይ። በቦዩ አፍ ላይ የይለፍ ቃሏን ትጽፋለች፣ ቁልፏን ትነካለች፤ ያኔ ይከፈትላታል። «ቁልፉ ከአካልሽ አይለይ» ብለዋት ነበር።

ከአካልሽ አይለይ ቢሏት፣ የመንዝ ልጅ ናትና ማተቧ ላይ አሰረችው። ከአካል የማይለይ ሌላ ምን ታውቃለች? ከእንጨት መስቀሏ ጎን ጥቁሯ ቁልፍ ተንጠለጠለች። እማሆይ አንድ ቀን ዳብሰው አገኟት።

«ይህ ከመስቀሉ ጋር የሚጋፋው ምንድን ነው?»

«የሥራ ቁልፍ ነው፣ እማሆይ።»

«የማን ሥራ?»

እፀገነት ሳቀች፤ እሳቸው አልሳቁም። ከማተቧ ፈትታ ምስማር ላይ እንድትሰቅለው ያደረጓት እሳቸው ናቸው።

ከተማውም ቢሆን አላመናትም። የመሐል ሜዳ ወጣት ቪፒኤንን የሚያውቀው በስልኩ ነው፤ የተዘጋ ነገር ሲኖር ከፍቶ የሚያይበት፣ አባቱ ሲመጣ የሚያጠፋው። ስለዚህ «በቪፒኤን ነው የምሠራው» ስትል ሰው ዓይኑን ያጠባል። የሚደበቅ ነገር የሌለው ሰው ምን ቪፒኤን ያስፈልገዋል?

ያ ዓርብ ደግሞ የዐቢይ ጾም ዓርብ ብቻ አልነበረም። ከሩቅ የሚሠሩት ሁሉ ዕቃቸው የሚመረመርበት ቀን ነበር። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት መርማሪው በኮምፒውተሩ ያነጋግራታል፣ ሁሉን አንድ በአንድ ታሳየዋለች። ያላሟላ ሰው ከሩቅ የመሥራት ፈቃዱ ይዘጋል፤ ወደ አዲስ አበባ ቢሮ ይመለሳል። እማሆይስ?

ወደ ጓዳ ገባች። እማሆይ ወለተ ኢየሱስ መደባቸው ላይ ተቀምጠው ውዳሴ ማርያም በቃላቸው ይደግማሉ።

«እማሆይ፣ ከምስማሩ ላይ ቁልፌን አላዩም?»

ጸሎቱ አልተቋረጠም፣ ግን ድምፁ ቀጠነ። «እኔ ምን ዓይን አለኝ፣ ልጄ።»

እውነት ነው፣ ምን ዓይን አላቸው። እፀገነት ጥርጣሬዋን ወደ ሌላ አዞረች። ሐሙስ መሥመሩ ተቋርጦባት ምንይሉ መጥቶ ነበር፤ ጣሪያው ላይ ያለውን ገመድ ሲያጠብቅ እሷ ገበያ ወርዳለች። ምንይሉ መናኸሪያው አጠገብ ፎቶ ኮፒ ያነሣል፣ ስልክ ይጠግናል፣ የሰው ስልክ ውስጥ ያለውን ሁሉ ያውቃል ይባላል። ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች። ነፋሱ ፊቷን ሲገርፋት በልቧ አንድ ነገር ብቻ ትደግማለች፤ እሱ ነው፣ እሱ ነው።

«ምንይሉ፣ ትናንት በክፍሌ መስኮት በኩል ነበርክ?»

«በመስኮትማ ሌባ ነው የሚገባው፤ እኔ በመሰላል ነው የወጣሁት» አለና ሳቀ።

«ከመስኮቱ አጠገብ ቁልፍ ነበረኝ።»

«የሣጥን?»

«የኮምፒውተር።»

ሳቁ ከፊቱ ቀስ ብሎ ወረደ። «አሃ! ለዚህ ነዋ ሰላምታ የነሣሽኝ።» መሳቢያውን ስቦ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው፤ ሲም ካርድ፣ ብሎን፣ የተቆረጠ የቻርጀር ጫፍ ተበተነ። «ፈትሺ! ኪሴንም ላራግፍልሽ? ጫማዬንስ ላውልቅ?»

«እንዲህ አላልኩም።»

«ብለሻል እንጂ፣ እፄ። አፍሽ ባይል ዓይንሽ ብሏል። እኔ አንቺን ጠርጥሬሽ አውቃለሁ? ቆይ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ አውቃለሁ! ከተማው ሁሉ ይጠረጥርሻል። በር ዘግታ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ ከማን ጋር ነው የምትንሾካሾከው ይላል። ‹ጆሮ ጠቢ ናት› ያለኝን ሁሉ ‹ኧረ የጤና መድን ናት› ብዬ የምመልሰው እኔ ነኝ።»

«አንተስ ታምናለህ?»

«ግማሹን።»

ከውጭ የደብረ ብርሃን ሚኒባስ ረዳት ይጣራል። ምንይሉ የተበተነውን እየለቀመ፣ አንገቱን እንዳቀረቀረ፣ «ይቺን ማተቤን! አልነካሁትም» አለ። ቀጠለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ባልነግርሽ ይሻል ነበር። ከጣሪያው ስወርድ እማሆይ ከክፍልሽ ሲወጡ አይቻለሁ። የነጠላቸውን ጫፍ ቋጥረው፣ ቋጠሮውን እንደ ፍም ከሰውነታቸው አርቀው ይዘው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነው የሄዱት።»

እፀገነት ይቅርታ ሳትለው ወጥታ ሄደች።

የእማሆይ የንስሐ አባት መምሬ መርስዔ ኃዘን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ የፈረሰ ካብ ላይ ድንጋይ ሲደረድሩ አገኘቻቸው። መስቀል ተሳለመች።

«አባቴ፣ አንዲት ጥቁር ትንሽ ነገር ፈልጌ ነው።»

ካህኑ እጃቸውን አራገፉ፤ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ያንቺ ናት?»

«የእኔ ናት። እናቴ ነች ያመጣችልዎ።»

«ማን እንዳመጣት አልነግርሽም። በንስሐ የመጣ በንስሐ ይቀራል።»

«እኮ አውቄዋለሁ እኮ፣ አባቴ።»

«አንቺ ማወቅሽ የእኔን አፍ አይከፍተውም።» ወደ ማረፊያቸው ገብተው በውኃ የተሞላ ጣሳ ይዘው ወጡ። ከጣሳው ግርጌ ቁልፏ ተኝታለች። «ከትናንት ጀምሮ ጠበል ውስጥ ናት። ክፉ ነገር ካለባት ይለቃል ብዬ።»

እፀገነት እጇን ውኃው ውስጥ ሰደደች። «ለቀቀ?»

«ምንም አልለቀቀ። እሱም ነው ያጠራጠረኝ» አሉ መምሬ።

በነጠላዋ ጠቅልላ ቁልቁል ሮጠች። እንዲህ ያለውን ዕቃ በጠበል የሚነክር፣ ከመንዝ በቀር የትኛው አገር አለ? ውኃው ገብቶባት ሞታ ቢሆንስ? በነጠላዋ ጫፍ አበሰቻት፣ እስትንፋሷን እፍ እፍ አለችባት። እማሆይን ሰላም ሳትል አልፋ በሯን ዘጋች። እማሆይም «ተገኘ ወይ?» አላሉም።

ሰዓቱ ደረሰ፣ ጥሪው መጣ። መርማሪው ባስልዮስ ይባላል፤ ድምፁ እንጂ መልኩ አይታይም፣ ካሜራውን ዘግቶታል። የእሷ ግን ክፍት እንዲሆን አዘዘ።

«ማዳመጫውን ንቀይውና በድምፅ ማጉያው እናውራ። ክፍሉን ልስማው።»

ነቀለችው። የነፋሱ ፉጨት፣ የጣሪያው ቆርቆሮ ኳኳታ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ።

«የኮምፒውተሩን ጀርባ አሳዪኝ። አዎ፣ የእኛ ነው። አፕዴቱ?» አሳየችው። «አንቲቫይረሱ?» አሳየችው። «መሥመሩን ከአንቺ ሌላ የሚጠቀምበት አለ?»

«የለም።»

«በኮምፒውተሩ ላይ ነፃ ቪፒኤን ጭነሻል?»

«አልጫንኩም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለኝ። ባለፈው አንዱ ‹ቤቴ ነኝ› እያለኝ ከሆላንድ ሲገባ አገኘሁት። ነፃ ቪፒኤን ሲሉት ጭኖ፣ የሕሙማኑን ገመና በዚያ በኩል፣ ባለቤቱ በማይታወቅ መንገድ ሲያመላልስ ከርሟል።» ወረቀት ሲገለብጥ ተሰማ። «ቁልፍሽን ሰኪ።»

ሰካችው። ነካችው፤ አረንጓዴው ብልጭ አለ። ልትስቅ፣ ልታለቅስ፣ ያን የተቀደደ ዘፈን ልትቀጥል ቃጣት።

«የመጨረሻ ጥያቄ። ቁልፉ ከተሰጠሽ ጀምሮ ከእጅሽ ወጥቶ ያውቃል?»

«አያውቅም» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ማን ያውቅባታል? ግን ዓይኗ ስክሪኑ ላይ ካሉት ስሞች አንዱ ላይ አረፈ፤ ከሞላሌ የመጣ፣ የማታውቀው ሰው፣ ለሚስቱ እንኳ ያልነገረው በሽታ ያለበት። ያ ሰው ማንን አምኖ ነው የነገረው? ሐኪሙን። ሐኪሙስ? እያለ እያለ እሷ ዘንድ ደረሰ።

«ወጥቷል» አለች። «ከትናንት እስከ ዛሬ።»

የባስልዮስ ድምፅ ተለወጠ፤ ቀዘቀዘ። «ማን ዘንድ?»

«የእናቴ የንስሐ አባት ዘንድ።»

«ምን?»

«ጠበል ውስጥ።»

«እፀገነት፣ እየቀለድሽብኝ ነው?»

«አይደለም።»

«የካህኑን ስልክ ስጪኝ።»

ሰጠችው። በሌላ ስልክ ደወለ፤ ጥሪው ሲጮህ፣ ሲነሣ፣ ሁሉም ይሰማታል።

«ማን ልበል?»

«ከአዲስ አበባ ነው፣ አባ። ባስልዮስ እባላለሁ። የእፀገነት ተገኘ ቁልፍ እርስዎ ዘንድ ነበረ ወይ? ማንስ አመጣልዎ?»

«አንተ የማን ልጅ ነህ?»

«አባ፣ እኔ የድርጅቱ…»

«የንስሐ አባት አለህ?»

«አለኝ።»

«ሰው ስለ አንተ በስልክ ቢጠይቃቸው እንዲናገሩ ትወዳለህ?»

«አልወድም፣ ግን…»

«እግዚአብሔር ያስብህ» አሉ መምሬ መርስዔ ኃዘን፤ ስልኩ ተዘጋ።

ባስልዮስ በረጅሙ ተነፈሰ። «ምስክርሽ አልመሰከሩም። ቁልፉ የት እንደዋለ፣ ማን እጅ እንደገባ ካልታወቀ ደግሞ እኔ የማውቀው አንድ መንገድ ነው። ፈቃድሽን እዘጋለሁ። ዕቃሽን ይዘሽ ወደ አዲስ አበባ ትመለሻለሽ።»

እፀገነት መስኮቱን አየች፤ ጉሙ ከመስተዋቱ ተለጥፎ ቆሟል። ከኋላዋ በሩ ሲጥ አለ።

«ክፍሉ ውስጥ ሰው ገባ?» አለ ባስልዮስ ወዲያው።

«እናቴ ናት።»

«ሕጉን ታውቂያለሽ! ከጀርባሽ ሰው…»

«ሕጉን የጣስኩት እኔ ነኝ፤ እሷን አትቆጣ።» እማሆይ ወለተ ኢየሱስ ደፍ ላይ ቆመዋል፤ በመቋሚያቸው ወለሉን እየነኩ ገቡ። ከበሩ ጀርባ ሁሉንም ሰምተዋል። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ስላልለዩ ወደ ባትሪው ዞረው ነበር የሚያናግሩት፤ እፀገነት ትከሻቸውን ይዛ ወደ ስክሪኑ መለሰቻቸው። «ፊትህ የት ነው፣ ልጄ?»

«ካሜራዬ ዝግ ነው፣ እናቴ።»

«ፊቱን ለሸፈነ ሰው ኃጢአቴን አልናገርም።»

ስክሪኑ በራ። ያልተበጠረ ፀጉር ያለው ጎልማሳ ታየ፣ ከጀርባው በገመድ ላይ የተሰጣ የሕፃን ልብስ። እሱም ከቤቱ ነበር የሚሠራው። እማሆይ አፍንጫቸው መስተዋቱን እስኪነካ ተጠግተው አዩት።

«እኔ ነኝ የወሰድኩት» አሉ። «ሲነኳት ዓይኗን ታበራለች። ልጄ በር ዘግታ ስታወራ እሰማለሁ፤ ከማን ጋር እንደሆነ ብጠይቃት ‹የሰው ምሥጢር ነው› ትለኛለች። ከእናት የሚደበቅ የምን ምሥጢር ነው ብዬ ጠረጠርኩ። መሰለኝ… የመሰለኝንስ ተወው። ትናንት እሷ ገበያ ስትወርድ ከምስማሩ አውርጄ በነጠላዬ ቋጠርኩ፤ ሳልፈታ ለንስሐ አባቴ ሰጠሁ። በመንገድ ለማንም አላሳየሁም። ዛሬ ጠዋት ስትጠይቀኝ፣ በዚህ ጾም፣ ‹ምን ዓይን አለኝ› ብዬ ሸነገልኳት። ያውልህ።»

እፀገነት አንገቷን ደፋች። ባስልዮስ እየጻፈ ነበር። «ስምዎን ማን ልበል?»

«የቱን? የዓለሙን ነው የቆቡን?»

«ሁለት ስም አለዎት?» አለ፤ ጥርጣሬው እንደገና ብቅ ሲል እፀገነት አየችው።

«ሙሉመቤት ነበርኩ፤ አሁን ወለተ ኢየሱስ ነኝ።»

ሁለቱንም ጻፈ። ብዕሩን አስቀምጦ ግንባሩን አሸት አሸት አደረገ። «እፀገነት፣ ይህ ቁልፍ ከአሁን ጀምሮ አይሠራም፤ ሰርዤዋለሁ። ከእጅ የወጣን ቁልፍ፣ ጠበልም ይንካው እሳት፣ አላምነውም። ፈቃድሽን ግን አልዘጋሁትም። ሰኞ መታወቂያሽን ይዘሽ ደብረ ብርሃን ቢሮአችን ውረጂ፣ አዲስ ይሰጡሻል። ማስጠንቀቂያም ይጻፍብሻል። ቀጥሎ እንዲህ ያለ ነገር ከሰማሁ የምሰማው ሰበብ አይኖርም።» ስክሪኑ ጨለመ።

እማሆይ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አንሥተው ኮምፒውተሩ ላይ ጣሉበት። «አሁን ይሰማናል?»

«አይሰማም።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እርግጠኛ ነኝ፣ እማሆይ።»

ወደ ጓዳ ተከታትለው ገቡ። ዘጠኝ ሰዓት አልፏል፤ ሁለቱም ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመሱም። የገብስ እንጀራው ቀርቦ፣ ሽሮው ቀዝቅዞ ቆዳ ጥሏል። እፀገነት አልተቀመጠችም።

«በእርስዎ የተነሣ ምንይሉን ሌባ አደረግሁት።»

«እኔ ምንይሉን አላልኩሽም። እሱን የጠረጠርሽው አንቺ ነሽ።» መደባቸው ላይ ተቀመጡና፣ «ነገ እኔው ሄጄ ይቅር በለን እለዋለሁ» አሉ።

«አዲሱን ቁልፍስ የት ልስቀለው?»

«እኔ የማላውቀው ቦታ።»

«አልወስድም ይበሉኝ እንጂ!»

«ብልሽስ ታምኚኛለሽ?»

እፀገነት የእናቷን እጅ አየች፤ እንጀራውን እየዳበሰ ጠርዙን ይፈልጋል፣ ከትሪው ያልፋል፣ ይመለሳል።

«አሁን አትመኚኝ» አሉ እማሆይ። «ቀስ ብለሽ፣ ሲቻልሽ ታምኚኛለሽ። ብቻ ብዪ፤ ራሴን አዞረኝ።»

እጇን ታጠበች። የእናቷን እጅ ይዛ ወደ ወጡ አቀረበችላቸው፤ ከዚያ በርጩማውን ስባ ተቀመጠች፣ ቆረሰች፣ ጎረሰች።